የጫት ተራው ቧንቧ

ትናንት ጠዋት ጎረቤቴ የብረት በሯን ስታስቀባ የአንቲረስቱ፣ የዝገት መከላከያው ቀለም፣ ሽታ በአጥር ተሻግሮ ደረሰኝ። ቁርሴን ትቼ ወጣሁ። ቀቢው እጁ ፈጣን፣ ቱታውም ንጹሕ ነው፤ ግን የሚቀባው ዝገቱ ላይ ነበር። ሳይፍቅ፣ ሳይጠርግ፣ ያንን ቡናማ ቅርፊት እንዳለ በቀለም ያለብሰዋል። «ልጄ፣ መጀመሪያ ፋቀው እንጂ!» አልኩት። «እማማ፣ ሁለቴ ከደረብኩበት ምን ይታያል?» አለኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሰው ግቢ ገባሁና የሽቦ ብሩሹን ከባልዲው ውስጥ አንስቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ጎረቤቴ በመስኮት እያየች ትስቃለች። ሰውየው እየተነጫነጨ መፋቅ ሲጀምር ወደ ቤቴ ተመለስኩ፤ ሻዬ ቀዝቅዞ ነበር።

«ምን ይታያል?» ያላት ነገር ናት የቆየውን ሁሉ የቀሰቀሰችብኝ፤ በዚያ ሰውዬ ዕድሜ ሳለሁ እኔም እንደዚሁ እል ነበር። የእህቴ ልጅ ወደ ምሥራቅ ቆላ ወርዶ በጋዝ ቧንቧ ላይ ይሠራል። ለፋሲካ የመጣ ጊዜ ከመሬት በላይ የተዘረጋ የጋዝ ቧንቧ በአየርና በእርጥበት ብቻ እንዴት እንደሚበላ ሲያስረዳኝ ዋለ። ድጋፉ ላይ የተኛበት ቦታ መታየት አለበት፣ ከአፈር የሚወጣበት ቦታ መታየት አለበት፣ አንዳች ነገር የተጠቀለለበት ቦታማ ከሁሉ በፊት መታየት አለበት ይለኛል። ኮርስ ወስዶበታል፤ ደስ አለኝ፤ ዝም ብዬም ሰማሁት። እኔ ያንኑ ትምህርት የተማርኩት ጫት ሻጮች መሀል ተቀምጬ ነው። የእኔ ቧንቧ ጋዝ ሳይሆን ውሃ ነበር የሚያስተላልፈው፤ ለብረቱ ግን ከውስጥ የሚያልፈው ምንም ይሁን ምን ከውጭ የሚበላው ያው ነው።

ያኔ ከተማችን አሰበ ተፈሪ ነበረች። ዛሬ ጭሮ ትባላለች፤ እኔም ለሰው ስናገር ጭሮ እላለሁ፤ በልቤ ግን አሁንም አሰበ ተፈሪ ናት። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ሁሉም ሰው ጓድ የሚባልበት ጊዜ ነበር፤ እኛ ወጣቶቹ ቤልቦተም ሱሪ ለብሰን፣ ኮንጎ ጫማ ተጫምተን፣ ፀጉራችንን አፍሮ አበጥረን ከሰዓት በኋላ ዋናውን መንገድ ከላይ ወደ ታች የምንመላለስበት ጊዜ። ሻይ በአሥር ሳንቲም ይጠጣል፤ ብስኩቱም እንደዚያው ነው። የናይለን ሻሽና የጅቡቲ ሽቶ ሚኤሶ ላይ ከባቡር ይወርድና በአህያ ጭነት መሀል ተሸሽጎ ይገባል፤ ሽቶው የትኛው ቤት እንደገባ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ በአፍንጫችን እናውቃለን። የቀበሌው ኪነት ቡድን አዳራሽ ውስጥ በከበሮና በአኮርዲዮን ሰልፉን ሲለማመድ፣ ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት ደግሞ በቴፑ የፍቅር ዘፈን ይለቅበታል። ሁለቱ ተደባልቀው የሚሰሙበት አንድ ጥግ ነበር፤ እዚያ መቆም እንወድ ነበር። አሁን ባንክ ተሠርቶበታል፤ ጡረታዬን የምቀበለው እዚያ ነው፤ ወረፋ ስጠብቅ አንዳንዴ ያ አኮርዲዮን ጆሮዬ ላይ ይመጣል። ከዚያ ጥግ ዝቅ ሲባል ጫት ተራ ነው።

የከተማው ውሃ ከበላያችን ካለው ተራራ ከምንጭ ነበር የሚመጣው። ቧንቧው አብዛኛውን መንገድ በመሬት ተቀብሮ ይወርዳል። ጫት ተራ ሲደርስ መሬቱ አለት ስለሆነ ከአፈር ይወጣና በድንጋይ ምሰሶዎች ላይ ተጋድሞ በሻጮቹ ጀርባ ያልፋል፤ ከዚያ ገደሉን ተሻግሮ ጤና ጣቢያው አጠገብ እንደገና ወደ መሬት ይገባል። ቧንቧው ከመዘርጋቱ በፊት ውሃ የምንቀዳው ከዚያ ገደል ሥር ነበር። ታላቅ እህቴ አንድ ጠዋት እንስራ አዝላ ስትወጣ አዳለጣት፤ ወገቧ ተጎዳና ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብላ ቆማ አታውቅም። ሰው ብረት ይወዳል ወይ አትበሉኝና እኔ ያንን ቧንቧ እወደው ነበር። የውሃ ቢሮው ቀለም ቀቢ ይፈልጋል ሲባል ሴት ነሽ ሳይሉኝ እንዲቀጥሩኝ ሦስት ቀን በራቸው ላይ ተቀምጬ ነው ሥራውን ያገኘሁት።

በየዓመቱ መስከረም ሊጠባ ሲል ለአብዮቱ በዓል መንገድ ዳር ያለ ነገር ሁሉ ይቀባል። ድንጋዩ በኖራ፣ የዛፉ ግንድ በኖራ፣ ቧንቧው ደግሞ በቀይ ዘይት ቀለም። የአምናው ላይ የዘንድሮው ይደረባል፤ የዘንድሮው ላይ የከርሞው። አንድ ዓመት እንዲያውም ቧንቧውን አሳምሬ በመቀባቴ በአዳራሽ ተጨብጭቦልኝ የምስጋና ወረቀት ተሰጥቶኛል፤ እናቴ በመስታወት አድርጋ ሰቅላው ነበር። ይሁንና ከቧንቧው ላይ ያልተቀባ ቦታም ነበረው። የምንጩ ውሃ እንደ በረዶ ስለሚቀዘቅዝ ቧንቧው ጠዋት ጠዋት ያልበዋል፤ ጠብታው ከሥሩ ተንጠልጥሎ ይታያል። ጫት ሻጮቹ ደግሞ ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበራቸውም። የበደሳው ጫትና የመሰላው ጫት ገና ጤዛው ሳይለቀው በኤንትሬ የጭነት መኪና ይደርሳል፤ እነሱም ቧንቧው ላይ ጆንያ ጠቅልለው፣ በሲባጎ አስረው፣ ውሃ አርከፍክፈውበት እስሩን ከላዩ ያስተኙታል። እያንዳንዷ ሴት የራሷ ቦታ አላት፤ ጆንያውም ሌትና ቀን ከዚያ አይነሳም። ጆንያቸውን ብነካ ምላሳቸውን አልችለውም፤ ስለዚህ እስከ ጆንያው ጫፍ ድረስ ቀብቼ አልፋለሁ።

ጋሽ ክፍሌ የቢሮው አንጋፋ የቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ፤ ድሬዳዋ በባቡር ጋራዥ ያደጉ፣ ከኪሳቸው ትንሽ መዶሻ የማትለይ ሰው። አንድ ክረምት ሊወጣ ሲል እኔ ቀለሜን ሳዘጋጅ እሳቸው ቧንቧውን እየመቱ መጡ። ይመታሉ፣ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፣ አንድ እርምጃ ይሄዳሉ። «አስናቁ፣ ነይ ስሚ» አሉኝ። አንዱ ቦታ ቂው ይላል። ጆንያው አጠገብ ሲመቱት ግን ዷ ብሎ ቀረ። «ዝገት ሁሉ አንድ አይደለም» አሉኝ። «በጣትሽ ስትጠርጊው ዱቄት ሆኖ የሚቀረው ገና ፊቱን ነው የነካው፤ ፍቀሽ ብትቀቢው ይድናል። ቅርፊት ሆኖ የሚነሳው ግን ራሱ ብረቱ ነው እየተነሳ የሚሄደው።» ከዚያ ከአንዱ ጆንያ ሲባጎውን ቆረጡና ሳቡት። ጆንያው የእኔን ቀለምና መዳፍ የሚያህል ቅርፊት ይዞ መጣ። ከሥሩ የጣቴ ጫፍ የሚገባበት ጉድጓድ ነበር። ምሰሶው ላይ የተኛበትንም አሳዩኝ፤ ውሃው ከብረቱና ከድንጋዩ መሀል ገብቶ መውጫ አጥቶ ከርሟል። በመጨረሻ የእኔን ቀይ ቀለም፣ ያበጠበትን ቦታ፣ በሚስማር ወጋ ሲያደርጉት ቡናማ ውሃ ወረደው። ያንን ያፈንኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ክፍሌ ገደሉ አፍ ባለው በመጨረሻው ምሰሶ ላይ ቧንቧውን መትተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኼ እስከ ጥምቀት አይቆይም። እዚህ ከለቀቀ ገደሉ ላይ ያለው በሙሉ ይወርዳል፤ አዲስ ቧንቧ እስኪመጣ ከተማው ዓመቱን ሙሉ እንስራ ያዝላል።»

የቢሮው ኃላፊ ጓድ ሀብቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር፤ ጊዜውም ፈሪ ያደርጋል። ነገሩን ስንነግረው ከወንበሩ ተነስቶ በሩን ዘጋ። «እንግዶች ከክፍለ ሀገር ይመጣሉ። ሰልፉ በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው። አሁን የመንግሥት ንብረት በስብሷል ብላችሁ ልታስወሩ ነው? ይኼ ነገር ስም አለው፤ ስሙን ታውቁታላችሁ።» ስሙ አሻጥር ነበር፤ በዚያን ጊዜ ያችን ቃል የሰማ ሰው ቆሌው ይገፈፋል። ጋሽ ክፍሌ አምስት ልጆች ነበሯቸው፤ አንገታቸውን ደፉ። «አንቺ ቅቢ፤ ከበዓሉ በኋላ እናየዋለን» አለኝ ጓድ ሀብቴ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ቤት ስገባ እህቴ ጎንበስ ብላ ግቢ ስትጠርግ አገኘኋት፤ እሷ የምትጠርገው ምንጊዜም ጎንበስ ብላ ነው፤ ሌላ አቋቋም የላትም። ቆሜ አየኋት። በዚያች ሰዓት ቆረጥኩ፤ ያንን ቧንቧ ሳልፍቅ አንዲት ጠብታ ቀለም አላስነካውም፤ ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ፣ ቢያስሩኝም ይሰሩኝ። ለመፋቅ ግን መጀመሪያ ጆንያዎቹ መነሳት ነበረባቸው።

ገደሉ አፍ ላይ የሚቀመጡት አዴ ሚስኪ ነበሩ፤ አዴ በኦሮምኛ እናት እንደማለት ነው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ሽርጣቸው ሁልጊዜ አዲስ የሚመስል፣ የተራው ሁሉ የበላይ። ሰላምታ ሰጥቼ «አዴ፣ ጆንያውን ልናነሳው ነው፤ ቧንቧውን እየበላው ነው» አልኳቸው።

«ጆንያ ብረት ይበላል?» አሉ ጮክ ብለው፣ ሌሎቹም እንዲሰሙ። «አቦ፣ ይቺ ልጅ ዛሬ ከጫቴ ሳላያት ቅማለች!» ተራው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ሲበርድ ዝቅ ብለው፣ «ስሚ ኢንታሎ» አሉኝ፤ ልጅት ማለታቸው ነው በኦሮምኛ። «ፀሐይ ስትወጣ ጫት ይጠወልጋል። የጠወለገ ማን ይገዛኛል? አንቺ ደሞዝ አለሽ። እኔ ይሄ ነው ያለኝ፣ ወላሂ።»

እውነታቸውን ነው። አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው ሥራቸውን ቀጠሉ። አንዱን እስር አንስተው ፈቱት፣ ቅጠሉን በትነው አራገፉ፣ አናፈሱትና መልሰው በኮባ ጠቀለሉት። ቀጥሎ ሌላውን። «አሁን ውሃ ያርከፈከፉበትን ለምን ይፈቱታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ውሃ ጫት አይገድልም» አሉኝ ዓይናቸውን ሳያነሱ። «ውሃ ይዞ ታፍኖ ከዋለ ነው የሚጠቁረው። በየሰዓቱ እፈታለሁ፣ ትንፋሽ ያገኛል።» እጃቸውን ያዝኩ። አልተቆጡም። የጆንያቸውን ጫፍ ገለጥ አድርጌ ጣታቸውን ከሥሩ፣ ብረቱ ተበልቶ የጎደጎደበት ላይ አሳረፍኩት። ጣታቸውን ሲያወጡ ጥፍራቸው ቡናማ ሆኖ ነበር።

«ይሄም ታፍኖ ነው?» አሉኝ።

«አዎ አዴ፤ ታፍኖ ነው። የሚፈታው አጥቶ።»

ወደ ሌሎቹ ዞረው በኦሮምኛ ተናገሩ። ግማሹን ብቻ ነው የገባኝ፤ ቢሻን፣ ውሃ የሚለውን፣ የገደሉንና የሕፃናቱን ነገር። አንዷ ጫታችንስ የት ይደር ብላ ተከራከረች። ያን ጊዜ ነው ጋሽ ክፍሌ፣ ከቢሮ አንገታቸውን ደፍተው የወጡት ሰውዬ፣ ጭቅጭቁን ከዳር ሰምተው ኖሮ ጣውላ ተሸክመው የመጡት። ከቧንቧው አንድ ክንድ ዝቅ አድርገው፣ በጥላው በኩል፣ በአዴ ሚስኪ ቦታ መደርደሪያ ሠሩ። ቅዝቃዜው ይደርሰዋል፤ ላቡም ይንጠባጠብበታል፤ ብረቱን ግን ምንም አይነካውም። «ዛሬ ልሞክር» አሉ አዴ ሚስኪ። «ከጠወለገ ነገ ጆንያዬ እዚህ ነው፤ አንቺም ከሥሩ ትጠቀለያለሽ።» እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተቀምጬ ጠበቅሁ። አልጠወለገም፤ በማግስቱ ሌሎቹም ለእኛም መደርደሪያ ይሠራልን ብለው ጆንያቸውን ፈቱ።

ሦስት ቀን ፋቅን። የሽቦ ብሩሽ የነበረን ሁለት ብቻ ነው፤ ሴቶቹ የጫት መቁረጫ ቢላቸውን አመጡ። ስንት ዓመት የደረብኩት ቀይ ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሳ ወረደ። ቅርፊቱ ከለቀቀ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፣ በቤንዚን ይጠረጋል፣ ይደርቃል። ክንዴ ደንዝዞ ማንኪያ መያዝ አቅቶኝ ነበር። በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ቧንቧው ከጫፍ እስከ ጫፍ ራቁቱን ቆመ፤ አስቀያሚ፣ ግራጫና ቡናማ። ጓድ ሀብቴም ያን ዕለት መጣ፤ አዲስ ካኪውን ለብሷል። ሲያየው ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ማን አዘዘሽ?» አለኝ። «ማንም» አልኩት። «ጓድ፣ ይህን የጋሽ ክፍሌን መዶሻ ይያዙና ይምቱት። ደህና ከሆነ ዛሬውኑ እቀባዋለሁ፤ ከዚያ የፈለጉትን ያድርጉኝ።»

በንዴት ቀማኝ። የመጀመሪያው ምሰሶ ላይ ቧንቧውን መታ፤ ቂው አለ። «ይኸው!» አለኝ። በጣቴ ገደሉ አፍ ያለውን አሳየሁት። ሄዶ መታ፤ ያን ያህል እንኳ አልበረታበትም። ቀጭን የውሃ ክር ፈልቃ ካኪውን ከደረቱ እስከ ቀበቶው አራሰችው። አዴ ሚስኪ ለማንም ሰው አንተ ነው የሚሉት። «አቦ፣ ጓድ! ቧንቧችንን በሳህ!» አሉት። የሚስቅ ሳቀ፣ የፈራ ፊቱን አዞረ። ጓድ ሀብቴ ሳያስበው መዳፉን ቀዳዳው ላይ ጫነ። ጋሽ ክፍሌ ላይ ያለውን የውሃ ማቆሚያ ሊዘጉ ዳገቱን እስኪወጡ ድረስ እንደዚያ እንደቆመ ቀረ። ደጋግሞ ወደ ገደሉ ያያል። በኋላ እንደነገረኝ ብረቱ ከመዳፉ ሥር ሲርገበገብ ተሰምቶታል። ውሃው ሲቆም እጁን አንስቶ አየው፤ ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ «ምን ምን ያስፈልጋችኋል?» አለኝ። ስለ አሻጥር ከዚያ ወዲያ አልተነሳም፤ ቀዳዳውን የቀደደው ራሱ ነውና።

ጋሽ ክፍሌ ወፈር ካለ አሮጌ ቧንቧ ቁራጭ ለሁለት ሰንጥቀው፣ ከውስጥ የመኪና ጎማ ላስቲክ አልብሰው፣ የተበላውን ቦታ ከላይና ከታች አቅፈው በብሎን አሰሩት። በየምሰሶውም ላይ ላስቲክ አነጠፍን፤ ብረቱ ድንጋዩን እንዳይነካ፣ ውሃም እንዳይተኛበት። እኔ አንቲረስቱን ሁለት ጊዜ ደረብኩ፤ የመጨረሻውን ቀይ ቀለም ለመቀባት ጊዜ አልበቃኝም። የበዓሉ ዕለት ባንዲራው፣ ኪነቱ፣ እንግዶቹ ሁሉ በዚያ በኩል አለፉ። አንቲረስት ራሱ ቀላ ያለ ነው፤ አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየውም። ያን ያህል የፈራንለት ነገር እንዲህ አለፈ፤ እስከ ዛሬ ያናድደኛልም፣ ያስቀኛልም።

ማላቡ ግን አይቀርም። ብረት ቀዝቅዞ አየሩ ከሞቀ ያልበዋል፤ ቀለምም አንድ ቦታ ከተጫረ በዚያው ይጀምራል። አዴ ሚስኪ ይህንን ወደ አፎሻቸው ወሰዱት፤ ሴቶቹ በሐዘንና በደስታ የሚረዳዱበት ማኅበር ነው። እያንዳንዷ ሻጭ ከጀርባዋ ያለውን ቧንቧ ጠዋት ጫቷን ሳትደረድር በደረቅ ጨርቅ እንድትወለውል፣ ያበጠ ወይም የተላጠ ካየች እኔን እንድትጠራ ተስማሙ። ያልወለወለች ለሚቀጥለው ስብሰባ ስኳር ታመጣለች። እኔ በየወሩ መዶሻዬን ይዤ እዞራለሁ፤ ከቦርደዴ የግመል ወተት ይዘው የሚመጡት ሴቶች እንኳ አይተው አይተው «እዚህ ጋ ተላጧል» ብለው ይጠሩኝ ጀመር። አዲሱ ቧንቧ ይመጣል ይመጣል ሲባል ዓመታት አለፉ፤ ኮንጎ ጫማውም ቤልቦተሙም ቀረ፤ ያችው ቧንቧ ከተማውን ታጠጣ ነበር።

ኋላ መንግሥት ተለወጠ። ተኩስ የሚሰማባቸው፣ ሰው በሩን ዘግቶ የሚውልባቸው ሳምንታት መጡ። ጓድ ሀብቴ ወዴት እንደሄደ አልታወቀም፤ ጋሽ ክፍሌ ልጆቻቸውን ይዘው ድሬዳዋ ገቡ። እኔ ከእህቴ ጋር ቤት ተቀምጬ የማስበው ያችን የገደል አፍ ምሰሶ ነበር። የሚያያት የለም፤ ጫፏ ከተጫረ፣ ላስቲኩ ከተንሸራተተ፣ በዚህ መሀል ውሃው ከሄደ ሰው በተኩስ ውስጥ ገደል ሊወርድ ነው እያልኩ። አንድ ጠዋት ጸጥ ሲል እህቴ አትሂጂ እያለችኝ ወጣሁ። የቢሮው በር ተሰብሯል፤ ዕቃ ቤቱ ባዶ ነው፤ መዶሻ የለ፣ ብሩሽ የለ። ሻይ ቤቱ ተዘግቷል። ጫት ተራ ሰው የለም፤ መደርደሪያዎቹ ባዷቸውን ቆመዋል። በሩቁ ቧንቧውን ሳየው የዚያን ጠዋት ላብ አልነበረበትም፤ ደርቆ ያብረቀርቃል። ውሃው ሄዶ ይሆን ብዬ ደነገጥኩና እየሮጥኩ ወረድኩ። አዴ ሚስኪ ገደሉ አፍ ላይ ብቻቸውን ቆመው ይወለውላሉ። የራሳቸውን ብቻ አይደለም፤ የተራውን በሙሉ ከላይ ጀምረው እዚያ ደርሰዋል።

«አዴ፣ ገበያ የለ፣ ጫት የለ፣ ቢሮውም ተዘግቷል፤ በዚህ ቀን ምን ሊያደርጉ ወጡ?» አልኳቸው፤ እንባዬ እየመጣ።

«ቢሮ ይዘጋል፣ ኢንታሎ» አሉኝ። «ጤዛ መቼ ተዘጋ?»

ጨርቃቸውን ለሁለት ቀደው ግማሹን ሰጡኝ። የቀረው ወደ ገደሉ የሚወጣው፣ እጃችን የሚደርስበት ጫፍ ብቻ ነበር፤ እኔ የቧንቧውን ሥር፣ እሳቸው ላዩን ይዘን ወለወልነው።